የማይግሬን መርፌ ይዞ መዋል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያው ክላስተር የሚባለው ራስ ምታት አለብኝ፣ ሱማትሪፕታን የሚባለውን መርፌ ይዤ ነው የምውለው። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለው ሀበሻ ይህን ስለሚያውቅ ማይግሬን ያለበት ሰው ሁሉ፣ እናቱን ወደ ሀገር ቤት የሚሸኝ ሰው ሁሉ፣ ኡበር የሚነዳው ሁሉ አንድ አይነት ጥያቄ ይጠይቀኛል፣ እና በቃ አንድ ላይ ላስቀምጠው አልኩ። ሐኪም አይደለሁም። መድኃኒቱ ለናንተ ይሆናል አይሆንም የሚለውን የሚወስነው ዶክተራችሁ ነው፣ እኔ የማወራው ከታዘዘላችሁ በኋላ እንዴት ይዛችሁት እንደምትውሉ ብቻ ነው።

የግድ ይዤው መዞር አለብኝ እንዴ? ቤት ባስቀምጠውስ?

መርፌው የታዘዘላችሁ ለምን እንደሆነ አስቡት እስቲ። ክኒኑም እኮ አለ፣ ያው ሱማትሪፕታን በክኒን ይሸጣል፣ ርካሽም ነው። መርፌ የሚታዘዘው ወይ ህመሙ በጣም ስለሚፈጥን ነው ወይ ደግሞ ስለሚያስመልሳችሁ የዋጣችሁት ክኒን ስለማይቆይ ነው። ክላስተር አንዴ ከተነሳ ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ነው የሚቆየው፣ መርፌው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ መስራት ይጀምራል። ቤልትዌይ ላይ ትራፊክ ተይዛችሁ ቤት እስክትደርሱ ህመሙ ጣሪያ ነክቶ ይጨርሳል፣ ያን ጊዜ ቤት ያለው መርፌ ምን ያደርግላችኋል? ስለዚ የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ መርፌው ሰውነታችሁ ላይ ወይም ከእጃችሁ የማይለይ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። መኪና አይደለም፣ ስራ ቦታ ያለ ሎከር አይደለም፣ የባለቤታችሁ ቦርሳ አይደለም። ሁለት ካላችሁ አንዱ ከናንተ ጋር ይዋል፣ አንዱ ቤት ይቀመጥ። ሁለቱንም አንድ ቦርሳ ከከተታችሁ ቦርሳው የጠፋ ቀን ባዶ እጃችሁን ቀራችሁ ማለት ነው።

ቀኑን ሙሉ የምነዳ ሰው ነኝ፣ መኪናው ውስጥ ቢቀመጥ ከኔ ጋር ነው ማለት አይደለም?

አይደለም፣ እና ይሄ ጥያቄ ብዙ ስለሚመጣ ትንሽ ልዘርዝረው። ሱማትሪፕታን መርፌ መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ነው፣ በፋራናይት ከ36 እስከ 86 ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ዲሲ ውጪው ራሱ 95 ፋራናይት ሲሆን የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በመጀመሪያው 10 ደቂቃ ብቻ 20 ፋራናይት ገደማ ይጨምራል፣ ዳሽቦርዱ አጠገብማ አይወራም። እናንተ ኤሲ አብርታችሁ ስትነዱ ችግር የለም፣ ግን ምሳ ልበላ ብላችሁ ኢትዮጵያ ሬስቶራንት ስትገቡ ክትፎው እስኪመጣ ድረስ መድኃኒቱ እየተቀቀለ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ጥር ላይ ማታ መኪና ውስጥ ያደረ መርፌ በረዶ ሊሆን ይችላል፣ ከ2 ዲግሪ በታች መውረድ የለበትም።

በጣም የሚያስቸግረው ነገር የተበላሸ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ሲያዩት የተበላሸ አይመስልም። ፈሳሹ ቀለም የሌለው ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው መሆን ያለበት፣ ጠቆር ካለ ወይም ውስጡ የሚንሳፈፍ ነገር ካለ አትጠቀሙበት፣ ግን ጥርት ብሎ ታየ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ሙቀት ውስጥ እንደዋለ ካወቃችሁ ፋርማሲስቱን ደውላችሁ ጠይቁት፣ እነሱ የአምራቹን መረጃ አይተው ይነግሯችኋል፣ ስልክ ነው በነጻ ነው።

የሚሰራው ዘዴ ቀላል ነው፣ የወገብ ቦርሳ ግዙ። ያቺ ትንሽ ዚፕ ያላት፣ ልጆቹ ደረታቸው ላይ የሚያስሯት። ከመኪና ስትወርዱ አብራችሁ ትወርዳለች። ክረምት ላይ ከጃኬት ስር አድርጓት፣ የሰውነታችሁ ሙቀት ይበቃታል።

ፍሪጅ አያስፈልገውም? የእህቴ መርፌ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው

የእህትሽ መርፌ ሌላ መድኃኒት ነው የሚሆነው። ማይግሬን እንዳይመጣ በየወሩ የሚወሰዱ መርፌዎች አሉ፣ ኤይሞቪግ፣ ኢምጋሊቲ፣ አጆቪ የሚባሉት፣ ሦስቱም አሜሪካ ውስጥ በ2018 ነው የተፈቀዱት። እነሱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ይፈልጋሉ፣ ከፍሪጅ ከወጡ ደግሞ 7 ቀን ነው ያላቸው። ስታጓጉዟቸው በረዶ ጥቅል ላይ ቀጥታ አታስቀምጧቸው፣ በፎጣ ጠቅልሉ፣ ወደ በረዶነት ከተቀየሩማ መጣል ነው። አትነቅንቋቸውም።

ሱማትሪፕታን ግን ሲነሳ የሚወሰድ ነው፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ የክፍል ሙቀት ይበቃዋል፣ ከብርሃን ግን መጠበቅ አለበት ስለዚ ከመያዣው አውጥታችሁ መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት። በጣም ሞቃት ቦታ ለምትኖሩ፣ አሪዞና ወይ ዱባይ ወይ ሪያድ ላላችሁ፣ ለኢንሱሊን ተብለው የሚሸጡት ውሃ ውስጥ ተነክረው በትነት የሚያቀዘቅዙት ፓውቾች ጥሩ ናቸው። እንስራ እንደሚያቀዘቅዘው ነው የሚሰሩት፣ አየር ካላገኙ ግን አይሰሩም፣ የተዘጋ ሻንጣ ውስጥ ከከተታችኋቸው እርጥብ ጨርቅ ናቸው በቃ።

ካርቶኑ ትልቅ ነው፣ ብጥለው ምን ችግር አለው?

ካርቶኑ ላይ ያለውን የፋርማሲ ሌብል አትጣሉት። ስማችሁ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ያዘዘው ዶክተር፣ ፋርማሲው፣ ቀኑ፣ ሁሉም እዛ ላይ ነው ያለው። ካርቶኑ ለመያዝ ካስቸገረ ፋርማሲውን ሁለተኛ ሌብል አትሙልኝ በሏቸው፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፣ እና መያዣው ላይ ለጥፉት። የሌብሉን ፎቶም ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ግን ብቻውን አይበቃም፣ ባትሪ ይዘጋል።

ፖሊስ ቢያስቆመኝና መርፌ ኪሴ ውስጥ ቢያገኝስ?

ሱማትሪፕታን ኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ሞርፊን ያለ የህመም ማስታገሻ፣ አይደለም፣ በአሜሪካ ህግ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም የለም፣ ሱስ የሚያስይዝ ነገር አይደለም። ስለዚ ያላችሁት በስማችሁ የታዘዘ ተራ መድኃኒት ነው። ችግር የሚፈጠረው መድኃኒቱ ላይ ሳይሆን ድንጋጤው ላይ ነው። ፍተሻ ከመጣ፣ ማንም ኪሳችሁ ውስጥ እጁን ከመክተቱ በፊት፣ እጃችሁ እንደሚታይ ሆኖ፣ መርፌ ያለው መድኃኒት እንዳላችሁና የት ኪስ ውስጥ እንዳለ ተናገሩ። ራሳችሁ አውጥታችሁ ለማሳየት አትቸኩሉ። መርፌ ሳያውቀው የወጋው ፖሊስ በጥሩ ስሜት አያናግራችሁም። ፍርድ ቤት፣ ስታዲየም፣ የመንግስት ቢሮ ስትገቡም እንደዛው ነው፣ ማሽኑ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ለጠባቂው ንገሩት፣ ሌብሉን አሳዩ፣ አለቀ።

ሰው መሀል ቢነሳብኝስ? ቤተክርስቲያን ቅዳሴ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ስራ ላይ

ይሄን የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው፣ እውነታቸውን ነው፣ የሚወጋው ጭን ወይም የላይኛው ክንድ ላይ ስለሆነ የሀበሻ ቀሚስ ለብሶ ጭን መግለጥ ሰው መሀል አይሆንም። ስለዚ ትልቅ በዓል ላይ ስትሄዱ ክንድ ላይ ለመውጋት እንዲመች አድርጋችሁ ልበሱ፣ ወይም መታጠቢያ ቤቱ የት እንደሆነ ስትገቡ እዩት። በልብስ ላይ አትውጉ፣ ንጹህና ደረቅ ቆዳ ላይ ነው። መርፌው የሚገባው ከቆዳ ስር ነው፣ ጥልቅ አይደለም፣ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ደም ስር ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

ደግሞ አንድ ሰው ይወቅ። አጠገባችሁ የሚቀመጥ ጓደኛ፣ የሺፍት ኃላፊ፣ ማንም ይሁን። ክላስተር ሲነሳ ሰው ይወራጫል፣ ጭንቅላቱን ይይዛል፣ አንድ አይኑ ያለቅሳል፣ የማያውቅ ሰው ሰይጣን ያዘው ብሎ ጸበል ፍለጋ ይሮጣል፣ ወይም 911 ደውሎ አደንዛዥ ወስዷል ሊል ይችላል። በተለይ መርፌ እጃችሁ ላይ ሲያይ። ቀድማችሁ በሁለት አረፍተ ነገር ብትነግሩት ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም። ስራ ቦታ ዌርሀውስ ምናምን ሆኖ ሎከር ውስጥ ካልሆነ ይዛችሁ መግባት አይቻልም የሚሏችሁ ከሆነ፣ ከዶክተር ደብዳቤ አምጡና ለኤችአር አቅርቡ፣ በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ህግ በቂ ምክንያት ላለው ጤና ችግር ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲጠየቅ ይፈቅዳል። በቃል ከምትከራከሩ በጽሁፍ ጠይቁ።

ከተወጋሁ በኋላ መንዳት እችላለሁ?

ወዲያው አይደለም። ህመሙ ራሱ አይን ይጋርዳል፣ መድኃኒቱ ደግሞ አንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል ወይም ያዞራል። ዳር ያዙ፣ አፑን አጥፉ፣ ጭንቅላታችሁ እስኪጠራ ጠብቁ። አንድ ትሪፕ ይለፋችሁ።

መርፌ የገባበት ቦታ ማቃጠል፣ የሙቀት ስሜት፣ አንገት ወይም መንጋጋ ላይ ጭብጥ የማለት ስሜት የተለመደ ነው፣ ዶክተራችሁም ይነግራችኋል። ደረት ላይ የሚጫን ህመም ከመጣ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም አንድ ጎን ከደከመና አንደበት ከተያያዘ ግን ያ የመጠበቅ ነገር አይደለም፣ 911 ነው።

በቀን ስንት መያዝ አለብኝ?

6 ሚሊግራም ለታዘዘለት አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጣሪያው ሁለት ነው፣ በመሀላቸው ቢያንስ 1 ሰዓት ይኑር፣ እሱም ዶክተሩ ካላሳነሰው ነው። ስለዚ ከሁለት በላይ ይዞ መዞር ትርጉም የለውም። የተወጋችሁበትን ሰዓት የሆነ ቦታ ጻፉ፣ ህመም ላይ ያለ ሰው ሰዓት አያስታውስም። በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ መጠቀም ማይግሬን ላለበት ሰው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል፣ እዛ ከደረሳችሁ ተጨማሪ መርፌ ሳይሆን ቀጠሮ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

የተጠቀምኩበትን የት ልጣል?

የኦቶኢንጀክተር፣ ማለትም ሲጫኑት ራሱ የሚወጋው አይነት ካላችሁ ብዙዎቹ ከተወጉ በኋላ መርፌው ተመልሶ ይደበቃል፣ ግን ሁሉም አይደሉም፣ የራሳችሁን ፋርማሲ ውስጥ አሳዩኝ በሉ። ስሪንጅ ከሆነ ክዳኑን መልሳችሁ አትግጠሙ፣ ሰው ራሱን በብዛት የሚወጋው ያኔ ነው። ውጪ ስትሆኑ የምትከቱበት ጠንካራ ነገር ያስፈልጋችኋል፣ ለጉዞ የሚሆኑ ትንንሽ የመርፌ መያዣዎች ይሸጣሉ፣ እስክሪብቶ የሚያህሉ አሉ። ጃኬት ኪስ ውስጥ እንዲሁ መወርወር የለም፣ ናፕኪን ጠቅልሎ ሬስቶራንት ቆሻሻ ውስጥ መጣልም የለም፣ ያን ቆሻሻ የምትደፋው ልጅ ምናልባት የኛው ሀገር ልጅ ነች።

ቤት ውስጥ ዋናው የመርፌ መጣያ ሴፍቲ ቦክስ ከሌላችሁ ወፍራም የልብስ ሳሙና ፕላስቲክ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ፣ ይሆናል። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ዝጉት። ከዛ በኋላ እንደየስቴቱ ይለያያል፣ አንዳንዱ ጋ ታሽጎና ተጽፎበት ከቤት ቆሻሻ ጋር ይወጣል፣ ካሊፎርኒያ ግን ከ2008 ጀምሮ ቤት ቆሻሻ ውስጥ መርፌ መጣል ክልክል ነው። ካውንቲያችሁን ጠይቁ። ሪሳይክል ውስጥ ግን የትም ቦታ አይጣልም።

ሀገር ቤት ስትሆኑ ደግሞ ይሄን በጣም ልብ በሉ፦ መርፌ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከታችሁ አትጣሉ። ፕላስቲክ ጠርሙሱን ሰብሳቢ ያነሳዋል፣ ይታጠብና ዘይት ወይ ጠጅ ወይ ጸበል ይሞላበታል፣ ልጆችም ከቆሻሻ ላይ ይለቅሙታል። ይዛችሁት ቆዩና አቅራቢያችሁ ያለ ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ክትባት የሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ሴፍቲ ቦክስ አለ፣ በትህትና ከጠየቃችሁ ይቀበሏችኋል።

ሌላ ሰው በኔ መርፌ ቢወጋስ?

ቦታውን በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ አይጨመቅ፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ይሂድ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት አስፈላጊ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው መጀመር ያለበት፣ ቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። እፍረት ይቅር፣ ዝም ብሎ ማሳለፍ አያስፈልግም።

ኤርፖርት ላይ ያሳልፉኛል?

ያሳልፏችኋል። የአሜሪካው የኤርፖርት ፍተሻ መስሪያ ቤት ቲኤስኤ መድኃኒቱ አብሮ እስካለ ድረስ ያልተጠቀማችሁበትን ስሪንጅና ኦቶኢንጀክተር በእጅ ሻንጣ ይፈቅዳል፣ የተጠቀማችሁበትም ጠንካራ መያዣ ውስጥ ከሆነ ያልፋል። የሚፈለገው ለፈታሹ ቀድሞ መናገር ነው። ማቀዝቀዣ ጥቅል ለመድኃኒት ከሆነ ቀልጦም ቢሆን ያልፋል፣ የ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ ህክምና ላይ አይሰራም። ኤክስሬይ ካሳሰባችሁ በአይን እዩልኝ ማለት ትችላላችሁ።

የሚላክ ሻንጣ ውስጥ ግን በጭራሽ። ሻንጣው ይጠፋል፣ ሎሜ ወይ ፍራንክፈርት ይቀራል፣ እቃ መጫኛው ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ከዲሲው ደለስ ኤርፖርት አዲስ አበባ ከ12 ሰዓት በላይ አየር ላይ ናችሁ። ከጭንቅላታችሁ በላይ ያለው መደርደሪያ ውስጥም ሳይሆን ከፊታችሁ ካለው ወንበር ስር በምትቀመጠው ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ ለምን ቢባል የቀበቶ መብራት በርቶ አትነሱ ሲሏችሁ ነው የሚነሳው። ከተጠቀማችሁ የወንበር ኪስ ውስጥ አትክተቱ፣ መያዣችሁ ውስጥ መልሱት።

የዶክተር ደብዳቤ ቲኤስኤ አያስገድድም፣ እኔ ግን ያለሱ ውጪ አልሄድም። በደብዳቤው ላይ የመድኃኒቱ ዋና ስም ሱማትሪፕታን ተብሎ ይጻፍ፣ የፋብሪካ ስሙ ብቻ አይበቃም፣ ምክንያቱም አሜሪካ ኢሚትሬክስ የሚባለው አውሮፓና ሌላ ቦታ ኢሚግራን ነው። መጠኑ፣ መርፌ መሆኑ፣ ለግል መጠቀሚያ መሆኑ፣ ቀን፣ ፊርማ። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ስምና ደብዳቤው ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን እዩ፣ የኛ ሰው የአያት ስም ጉዳይ ላይ ሁሌ ጣጣ አለው።

መርፌዬ ሱማትሪፕታን ሳይሆን ትራማዶል ወይም ሞርፊን ቢሆንስ?

እዚህ ጋ ጨዋታው ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ትራማዶል፣ ሞርፊን፣ ፔቲዲን ብዙ ሀገር ላይ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፣ እና በእያንዳንዱ የምታልፉበት ሀገር ህግ ነው የምትዳኙት፣ ባዘዘላችሁ ሀገር ህግ አይደለም። ኤምሬትስ ከመሄዳችሁ በፊት ከመንግስታቸው ኦንላይን ፈቃድ መውሰድ አለባችሁ፣ ሳውዲም በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኗ በኩል ተመሳሳይ የፈቃድ ስርአት አላት፣ ግብፅ ደግሞ ትራማዶል ላይ በጣም ጠንካራ ነች። ትራንዚት ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ በረራ ተሰርዞ ሆቴል ሲያስወጧችሁ ሀገሩ ገባችሁ ማለት ነው። አውሮፓ የምትኖሩና ከአንድ የሼንገን ሀገር ወደ ሌላው የምትሄዱ ሰዎች ሐኪማችሁ የሚሞላው ቢበዛ ለ30 ቀን የሚሰራ የሼንገን ሰርተፊኬት አለ፣ እሱን አሰሩ። ወደ ኢትዮጵያ ከሆነ ቀድማችሁ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ወይም ኤምባሲውን ጠይቁ፣ ቦሌ ደርሳችሁ ከምትከራከሩ።

ቤት ውስጥም ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቁልፍ ያለው ሳጥን፣ ብዛቱን መቁጠር፣ ለዛ ቀን የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ መውጣት። አሜሪካ ያላችሁ ናርካን የሚባለውን የአፍንጫ መርጫ አብራችሁ ያዙ፣ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል፣ ትንፋሽ ሲቀንስ ህይወት ያድናል። ቤተሰብ አጠቃቀሙን ይወቅ፣ ታማሚው ራሱን ሊረጭ አይችልማ።

ለሰው መድኃኒት አድርስልኝ ተብያለሁ፣ ልውሰድ?

እ። ይሄን እኮ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ከጉዞው በፊት ያለችው ቅዳሜ ላይ ሰው ሁሉ ፌስታል ይዞ ይመጣል። የታሸገ፣ የተቀባዩ ስም ያለበት ሌብል፣ የማዘዣው ኮፒ ካለና ምን እንደሆነ በአይናችሁ ካያችሁ እሱ አንድ ነገር ነው። ሌብሉ የተላጠ አምፑል በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከመጣ ግን የአክስት ልጅም ቢሆን አልወስድም በሉ። ኤርፖርት ላይ ሻንጣው የማን ነው ሲባል የናንተ ነው የሚባለው። ማኩረፍ ያልፋል፣ እስር ቤት ግን ቶሎ አያልፍም። ኦፒዮይድ ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም።

አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ዲክሎፌናክ አምፑል ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች፣ ጎረቤት ያለች ልጅ ትወጋታለች

ይሄ የብዙ ቤት ታሪክ ነው። ዲክሎፌናክ መርፌ ከሱማትሪፕታን ጋር አይመሳሰልም፣ 75 ሚሊግራም በ3 ሚሊ ሊትር የመስታወት አምፑል ነው፣ የሚወጋውም ጥልቅ ጡንቻ ውስጥ ነው። ቦታው በትንሹ ከሳተ ዳሌ ላይ የሚያልፈውን ትልቁን ነርቭ ይጎዳል፣ እግር የሚያነክስ ጉዳት ነው። ስለዚ የሰለጠነ ሰው ክሊኒክ ውስጥ ይውጋ፣ ጎረቤት ልጅቷ ነርስ ካልሆነች ምንም እጇ ቀላል ቢሆን አይሆንም። በመርፌ መልክ ከ2 ቀን በላይ አይቀጠልበትም፣ ከዛ በኋላ ካስፈለገ በክኒን ነው፣ ጨጓራ የሚደማ፣ ኩላሊት ወይም ልብ ያለበት ሰው ጭራሽ ላይሆነው ይችላል፣ እናቶቻችን ደግሞ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው።

ለመያዙ ግን፦ አምፑሉ ከነካርቶኑ ጠንካራ ቆርቆሮ ወይም መነጽር መያዣ ውስጥ ይሁን፣ ከብርሃን ይጠበቅ፣ አዲስ የታሸገ ስሪንጅ አብሮ ይኑር፣ የማዘዣው ወረቀት አብሮ ይታጠፍ። የተሰበረ አምፑል እጅ ይቆርጣል፣ ቦርሳ ውስጥ ዝም ብላችሁ እጃችሁን አትክተቱ። የተከፈተ አምፑል ለነገ አይቀመጥም።

ባለቤቴም ራስ ምታት አለው፣ አንዷን ብሰጠው?

አይ። ሱማትሪፕታን የደም ስር ያጠባል። የልብ ደም ስር ችግር ላለበት፣ ስትሮክ ለነበረበት፣ ደም ግፊቱ ቁጥጥር ውስጥ ላልሆነ ሰው አይሰጥም፣ እና ግፊት እንዳለበት የማያውቅ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ። ኤርጎታሚን ያለበትን የማይግሬን ክኒን የወሰደ ሰው ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ መውሰድ የለበትም። የድብርት መድኃኒት የሚወስድም ከሆነ ዶክተሩ ማወቅ አለበት። ከ18 አመት በታች ላለ ልጅም አይመከርም፣ ስለዚ የልጄን ጭንቅላት አሞታል ብላችሁ የራሳችሁን እንዳትወጉት።

ትንንሽ ልጆች ቤት አሉ፣ ቦርሳዬን ደግሞ ይጎረጉራሉ

እኛ ቤት ቦርሳው ከበሩ ጀርባ ከፍ ብሎ ያለ መስቀያ ላይ ነው የሚውለው። እንግዳ ቤት ስትሄዱ አልጋ ላይ ኮትና ቦርሳ የሚከመርበት ክፍል ውስጥ አትተዉት፣ ልጆቹ የሚጫወቱት እዛ ነው። ኦቶኢንጀክተር ለልጅ አይን እስክሪብቶ ነው፣ ተጭኖ ነው የሚሰራው።

በጾም ቀን መወጋት ጾም ያስገድፋል?

ለሙስሊም ወንድምና እህቶች፦ የአለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ለምግብነት ያልሆነ መርፌ፣ ከቆዳ ስርም ይሁን ጡንቻ ውስጥ፣ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል፣ ለራሳችሁ ግን የምታምኑትን ኡስታዝ ጠይቁ። ለኦርቶዶክሶች የንስሐ አባታችሁ ናቸው፣ እኔ የጠየቅኳቸው አባት ህመም ላይ ነህ መድኃኒትህን ውሰድ ነው ያሉኝ። ጸበል የምትሄዱ ሰዎችም መርፌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ እንጦጦ ላይ በረዶ በሚመስል ብርድ ሌሊት ሲነሳ ፋርማሲ ፍለጋ አይወረድም።

ኢንሹራንሴ በወር የሚሰጠኝ ጥቂት ነው፣ ከጠፋብኝስ?

ብዙ ኢንሹራንስ የወር ኮታ አለው። ለጉዞ ከሆነ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ደውሉና የጉዞ ተጨማሪ ፍቀዱልኝ በሉ፣ ስሙ ቬኬሽን ኦቨርራይድ ይባላል፣ ፋርማሲው ራሱ ሊጠይቅላችሁ ይችላል። ከጠፋ ወይም ሙቀት ካበላሸው ደግሞ ፋርማሲው ምክንያቱን ጽፎ እንዲልክ ጠይቁ፣ ካልሆነም የዶክተሩ ቢሮ ይደውልላችሁ። ኤክስፓየር የሚያደርግበትን ቀን ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ፣ ከቀኑ አንድ ወር ቀደም አድርጋችሁ፣ ማዘዣው ራሱ ሪፊል ጨርሶ ሊሆን ስለሚችል።

አብሮት ሌላ ምን ልያዝ?

አልኮል ስዋብ፣ ትንሽ ፕላስተር፣ ውሃ፣ የማስመለስ ማስታገሻ ክኒን ከታዘዘላችሁ እሱን፣ የፀሐይ መነጽር፣ እና የምትወስዱት መድኃኒት ሁሉ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተጻፈበት አንድ ወረቀት። ወረቀቱ ላይ መደወል ያለበትን ሰው ስልክ ጨምሩበት።